ጄል የተባለው ሕንፃ

አሰላ ውስጥ አንድ ወሬ አለ። አንዲት ያልተማረች ልጅ ሙሽራን አሜሪካ አገር ባለ እስር ቤት በር ላይ አቁማ ፎቶ አነሳቻት ይባላል። ልጅቷ እኔ ነኝ። ወሬው ግን የእኔ አይደለም፤ ሌላ ሰው ለክቶ፣ ቆርጦ፣ ሰፍቶ ሊያለብሰኝ ነው። አልለብሰውም። ስለዚህ እንዴት እንደነበር እኔው እጽፈዋለሁ።

የምሠራበት ፎቶ ቤት ከአስፋልቱ ገባ ብሎ፣ በአንድ ፀጉር ቤትና በአንድ ጎሚስታ መሀል ነው። የገባሁት ከስድስተኛ ክፍል ትምህርት ካቋረጥኩ በኋላ ነው። መጀመሪያ ወለል እጠርግ፣ ጉርድ ፎቶ በመቀስ እቆርጥ ነበር። ቆይቶ ባለቤቱ ኮምፒውተር አስነኩኝ። ጋሼ ነው የምላቸው። አሁንም ሳወራ እሳቸው እያልኩ ነው የማወራው። ሙያውን የሰጡኝ እሳቸው ናቸው፤ ያንን አልክድም።

ዓይናፋር ነኝ። ባጃጅ ውስጥ «ወራጅ አለ» ማለት አፍሬ ሰፈሬን አልፌ የወረድኩበት ጊዜ ብዙ ነው። ፎቶ ቤት የተመቸኝም ለዚህ ነው። ካሜራው ፊቴን ይሸፍንልኛል፤ ኮምፒውተሩ ደግሞ አያናግረኝም። ሰው ከጀርባው ቆርጦ ማውጣት፣ በተለይ ፀጉርን፣ ከባድ ሥራ ነው። ፀጉሩን አንድ በአንድ እየተከተሉ ነው። ያንን ከጋሼ ይልቅ እኔ አሳምሬ እሠራው ነበር።

እኛ አገር ሰው ፎቶ ቤት የሚመጣው ያለበትን ቦታ ለማሳየት አይደለም። ያልሄደበትን ቦታ ለማሳየት ነው። ለዚህ ከጀርባ የሚሰቀል ባነር አለ፤ ባክግራውንድ እንለዋለን። ፏፏቴ፣ የዱባይ ፎቅ፣ የመካ ሐረም ሁሉም ፎቶ ቤት አለው። ጋሼ ሌላው ጋ የሌለ ነገር ፈለጉ። ኢንተርኔቱ ደህና በሆነበት ሰሞን አንድ የአሜሪካ ቤተ መጻሕፍት የድሮ ፎቶዎቹን ለማንም በነፃ እንደሚሰጥ አገኙና ብዙ አወረዱ። የከተማ አዳራሽ፣ ፍርድ ቤት፣ ፖስታ ቤት፣ ባቡር ጣቢያ፣ የዱቄት ፋብሪካ፣ ብረት ማቅለጫ፣ የእህል መጋዘን። ሁሉም ጥቁርና ነጭ።

ደንበኛ ሲጠፋ ቁጭ ብዬ አያቸው ነበር። መጀመሪያ የገረመኝ ሰው የሌለባቸው መሆኑ ነው። በእኛ ሥራ ሰው የሌለበት ፎቶ ባዶ ይባላል። ሰውየው ከመቀመጡ በፊት መብራቱን ለመሞከር ይነሳል፣ ወዲያው ይጠፋል። እነዚያ ሰዎች ግን ባዶውን ፈልገው ነው ያነሱት። አንዱን ሕንፃ ከፊት፣ ከጎን፣ ከኋላ፣ ከዚያ ደረጃውን፣ ከዚያ የበሩን ማጠፊያ ሳይቀር አንስተውታል። ሕንፃዎቹም ለጉርድ ፎቶ እንደተቀመጠ ሰው ቀጥ ብለው፣ ሳይስቁ፣ ሁለቱም ጆሯቸው እየታየ ቆመዋል። ለምን እንደሆነ ባላውቅም ወደድኳቸው። ፊታቸውን ለማሳመር የሞከረ የለም።

እኔ ነኝ ያሳመርኳቸው። ጋሼ ቀለም እንድቀባቸው ሰጡኝ። ሰማዩን ሰማያዊ፣ ባዶውን መሬት ሣር አደረግኩት። የጡቡን ቀለም ከየት እንዳመጣሁ ልንገራችሁ፤ ክረምት ሲወጣ መንገድ ዳር የተቆረጠው አፈር ከሚያሳየው ቀይ ነው የወሰድኩት። ፋብሪካዎቹ ጭስ ነበራቸው።

«ጭሱን አጥፊው፣» አሉ ጋሼ። «ሙሽራ ላይ ጭስ አይሆንም።»

አጠፋሁት። የስንት ሰው የሥራ ቀን እንደነበረ እንጃ፣ በማውስ ጠረግኩት።

የእህል መጋዘኑን አንድ ቀን ለአባቴ በስልኬ አሳየሁት። አባቴ እህል በረንዳ ኩንታል ተሸካሚ ነበር። መጋዘኑ ግንብ በግንብ ላይ ተደርድሮ ከተራራ የሚተካከል ነው። አባቴ ስልኩን አቅርቦ አርቆ አየና «በሩ ጠባብ ነው፤ ይሄ ትከሻ ይልጣል» ብሎ መለሰልኝ። ከዚያ በኋላ ያንን ፎቶ ሳየው በሩ ብቻ ነው የሚታየኝ። ደንበኛ ግን አንድም ቀን አልመረጠውም።

ደንበኛ የሚወደው ሌላውን ነበር። በግራና በቀኝ ሁለት ማማ፣ መሀል ላይ ቅስት ያለው ትልቅ በር፣ ሰፊ ደረጃ፣ ግድግዳው በሙሉ የተጠረበ ድንጋይ። ከታች በነጭ ትንንሽ ፊደል የከተማው ስም ተጽፎ መጨረሻ ላይ አንድ አጭር ቃል አለ። ጋሼ መነጽራቸውን አደረጉና አነበቡት።

«ጄ... ል። ጄል! የፀጉር ጄል ፋብሪካ ነው።»

«ፋብሪካ እንዲህ ያምራል እንዴ ጋሼ?»

«አሜሪካ እኮ ነው፣ አንቺ ልጅ!»

እኔም አነበብኩት፤ ጄል ነው የሚለው። ጄል ደግሞ አንድ ነገር ነው፤ ወንዶቹ ፀጉራቸውን የሚያስተኙበት፣ ሴቶቹ ግንባራቸው ላይ የሚያለሰልሱት፣ ከጎናችን ባለው ፀጉር ቤት መደርደሪያ ላይ በየቀለሙ የተደረደረው። ባነሩ ታትሞ ሲሰቀል ፀጉር ሠሪዋ ተጠርታ መጣች። ባነሩን ከላይ እስከ ታች አየችው።

«እንዲህ ያለ ቤት ውስጥ ተሠርቶ ነው ለካ የሚወደደው!» አለች። ወዲያው ፊቱ ቆማ ተነሳችና በፍሬም አድርጋ መስታወቷ አጠገብ ሰቀለችው።

ቀለም ስቀባው መስኮቶቹ ላይ ቀጫጭን ብረት ነበረ። ጌጥ መሰለኝ። ወርቃማ ቀባሁት፤ ከብረቱ ኋላ ያለውን ጨለማ ደግሞ ቤቱ ሰርግ ያለበት እንዲመስል ቢጫ ብርሃን ሞላሁበት። ሰው «ቤተ መንግሥቱ ጋ አንሺኝ» ይላል፤ እኛ ደግሞ እርስ በርሳችን «ጄሉን አውርጂው፣ ጄሉን ስቀይው» እንባባላለን። ተመራቂው ጥቁር ጋውን ለብሶ እዚያ ቆመ። ልጆች ለዒድ እዚያ ቆሙ። የአቦምሳ እህል ነጋዴ ከነሚስቱ እዚያ ቆመ። በዚያ በር ፊት ያልቆመ የአሰላ ሰው ጥቂት ነው ብል ማጋነኔ ነው፤ ግን ብዙም አላጋነንኩም።

ሙሽራዋ የአርቦዬ ልጅ ናት፤ ሙሽራው እዚሁ መለዋወጫ ይሸጣል። ከኒካሁ በፊት መጡ። እሷም እንደኔ ዝምተኛ ነበረች። ሙሽራው «ሳቂ እንጂ፣ ተገደሽ የመጣሽ ይመስላል» ይላታል፤ እሷ «ስስቅ ጥርሴ አያምርም» ትላለች። «አፍሽን ዘግተሽ በዓይንሽ ሳቂ» አልኳት። ሳቀች። ካነሳኋቸው ሁሉ እንደዚያ ያማረ የለኝም። በትልቁ ታትሞ በወርቃማ ፍሬም ተደረገና በሰርጉ ቀን አዳራሹ መግቢያ ላይ ቆመ።

ፊደሉን ጋሼ አላስጠፉትም ነበር። «እንግሊዝኛ ሲኖርበት ሰው ያምነዋል» ብለው ነው። ከሚዜዎቹ አንዱ ዓረብ አገር ሠርቶ የተመለሰ ነው፤ እንግሊዝኛ ይችላል። እንግዳው ሁሉ በተሰበሰበበት ጎንበስ ብሎ አነበበና ጮኸ።

«ኧረ ሙሽራው! ሳትገባ አሳሰርካት እንዴ? ጄል እኮ በእንግሊዝኛ እስር ቤት ነው!»

«ስንት ዓመት ፈረዱባት?» አለ ሌላው።

«ዕድሜ ልክ ነዋ! ይግባኝ የለውም!»

ሙሽራው ራሱ ሳቀ ይባላል። አክስቷ ግን አልሳቁም። ሟርት ነው አሉ። ፎቶውን ወደ ግድግዳ አዙረው አቆሙት፤ ሰርጉ እስኪያልቅ ፊቱን አዙሮ ቆየ።

ይሄን ሁሉ የሰማነው በማግስቱ ነው። መጀመሪያ የመጣችው ፀጉር ሠሪዋ ናት፤ የራሷን ፍሬም በብብቷ ይዛ።

«ጋሼ፣ እኔ ምን አድርጌ ነው ያሰሩኝ?»

እየቀለደች ነበር። ጋሼ ግን ወንበራቸው ላይ ቁጭ አሉና ቀና አላሉም። ገባኝ። ጋሼ ፎቶ ብቻ አይደለም የሚሠሩት፤ ለሰው ዲቪ ይሞላሉ። ሰው ከጮሌ ወረዳ ድረስ እንግሊዝኛቸውን አምኖ ይመጣል። ዲፕሎማቸው በመስታወት ተደርጎ ከካሜራው በላይ ተሰቅሏል። እስር ቤቱን የፀጉር ጄል ፋብሪካ ብለው አነበቡ ከተባለ፣ የሞሉትን ሁሉ ሰው መጠርጠር ይጀምራል።

ፀጉር ሠሪዋ ከሄደች በኋላ ጠሩኝ። ድምፃቸው ለስላሳ ነበር።

«ከሰዓት የሙሽራዋ ቤተሰቦች ይመጣሉ። ሽማግሌ ይዘው ነው። ፎቶውን የመረጥሽው አንቺ ነሽ እንበል።»

«እኔ?»

«አንቺ ስድስተኛ ክፍል ነሽ የኔ ልጅ። ማን ይፈርድብሻል? አላወቀችም ይላሉ፣ ያልፋል። እኔ ስሆን ግን አያልፍም።» ቀጥለው «ከዚህ በኋላ ካሜራውን ለአንቺ እተዋለሁ። ሰርግ ሲኖርም አንቺ ነሽ የምትሄጂው» አሉ።

ካሜራውን ምን ያህል እንደምፈልገው ያውቃሉ። ሰርግ ቤት ሄዶ ማንሳት ማለት ከዚያች ጠባብ ክፍል መውጣት ማለት ነው፤ ፎቶ አንሺ መባል ማለት ነው። ዝም አልኩ። እሳቸው እሺ ያልኩ መሰላቸው፤ ሰው ሁሉ ዝም ስል እሺ ያልኩ ይመስለዋል። ምሳቸውን ሊበሉ ወጡ።

ብቻዬን ስሆን ዋናውን ፎቶ፣ ቀለም ያልነካውን፣ ከፍቼ አየሁት። መስኮቶቹን አጎላኋቸው። ጨለማ ነው፤ ምንም አይታይም። ባዶ ብዬው ነበር። እስር ቤት ግን ባዶ አይሆንም። ፎቶው ሲነሳ ከእያንዳንዱ ብረት ኋላ ሰው ነበረ ማለት ነው፤ እኔ ደግሞ ሰርግ አስመስዬ በቢጫ ብርሃን ደፈንኩባቸው። ከእነዚያ ውስጥ በሌላ ሰው ጥፋት የገባ አይጠፋም ብዬ አሰብኩ። አንዱ «አንተ ነህ» ተብሎ፣ ዝም ብሎ፣ ዝምታው እሺታ መስሎ የገባ።

ከዚያ ቀጥሎ የመጣብኝ ንዴት ነው። እኔ ብዙ አልናደድም። ትምህርት ያቋረጥኩት ሰንፌ አይደለም። እናቴ ስትታመም ከቤቱ ትልቋ እኔ ነበርኩ። እኔ ያልተማርኩባቸው ዓመታት ታናናሾቼ የተማሩባቸው ናቸው። ስድስተኛ ክፍል ሲሉኝ ተቀብዬ ኖሬያለሁ፤ እውነት ስለሆነ። አሁን ግን ያንን ወስደው እንደ ጃንጥላ ራሳቸው ላይ ሊዘረጉት ነው። ዝናቡ የማን ነው?

መጡ። የሙሽራዋ አያት ሐጂ ከነከዘራቸው፣ አክስቷ፣ ሙሽራዋ ራሷ ደግሞ ፍሬሙን በነጠላ ጠቅልላ። ወንበር አቀረብኩ። ጄሉ ከኋላችን ተሰቅሏል፤ ማውረድ ረስተነው ነበር። ሐጂ ፊት ለፊቱ ተቀመጡ። ጋሼ ይቅርታ ጠየቁ፤ ስህተት ነው አሉ፤ ልጅ ያለችበት ቤት ስህተት አያጣም አሉ። ሐጂ ወደኔ ዞሩ።

«ኢንታላ ኮ፣ ልጄ፣ ይሄንን ቤት የመረጥሽው አንቺ ነሽ አሉ። እውነት ነው?»

ሁሉም አየኝ። የምደበቅበት ካሜራ በእጄ አልነበረም።

«አይደለም፣ ሐጂ» አልኩ።

«አፍራ ነው ሐጂ፣» አሉ ጋሼ ፈጠን ብለው። «ዓይናፋር ናት፤ ሰው ፊት መናገር...»

«ዓይናፋር ነኝ። ግን አልመረጥኩም። ፎቶውን ያመጡት ጋሼ ናቸው። ያነበቡት፣ ያሳተሙት እሳቸው ናቸው። ቀለሙን የቀባሁት እኔ ነኝ፤ ቀለሙ የእኔ ነው። ሁለታችንም ጄል መስሎን ነበር።»

«ምን መስሏችሁ?»

«ጄል።»

«ጄል ምንድን ነው?» ሐጂ ወደ አክስቷ ዞሩ።

«ያ እነ ልጁ ፀጉራቸው ላይ የሚለቀልቁት ነው፣ ሐጂ። የሚያጣብቀው።»

ሐጂ ባነሩን ረጅም ጊዜ አዩት። ማማውን፣ በሩን፣ ደረጃውን አዩ።

«ይሄን የሚያክል ቤት... ለፀጉር?» አሉ። ከዚያ ትከሻቸው መንቀጥቀጥ ጀመረ። እየሳቁ ነው። «ወላሂ፣ እስር ቤት መሆኑ ይሻላል!»

«ሐጂ ይስቃሉ!» አሉ አክስቷ። «ልጄ ትዳሯን እስር ቤት በር ላይ ጀምራ እርስዎ ይስቃሉ! ይቃጠል ብያለሁ፣ ይቃጠል!»

ጋሼ ያቺን ክፍተት አገኙ። «አዴ፣ እናታችን፣ እውነት አለዎት። ጥፋቱ እሷን ማመኔ ነው። ልጅቷ ስድስተኛ ክፍል ናት፣ ምን ታውቃለች...»

እዚህ ላይ የተናገርኩትን በአማርኛ ጀምሬ በኦሮምኛ ነው የጨረስኩት፤ ስናደድ የቤቴ ቋንቋ ይቀድመኛል። «ስድስተኛ ክፍል መሆኔ እውነት ነው፣ ጋሼ። ግን አለመማሬ የእኔ ነው። ለሌላ ሰው አላውሰውም።»

ድምፄ ውጭ ድረስ ተሰማ። ጎሚስታው እንኳ መዶሻውን አቁሞ በሩ ላይ መጥቶ እንደነበር ኋላ ነው ያየሁት።

ያን ጊዜ ሙሽራዋ ፍሬሙን ከነጠላው አወጣችና ጭኗ ላይ አቆመችው።

«ሁላችሁም ቤቱን ነው ያያችሁት» አለች። «ሚዜው ፊደሉን አየ፣ አክስቴ ሟርቱን አየች። እኔን ያየ የለም። አምሬያለሁ እኮ እዚህ ላይ።»

«አንቺ ልጅ!» አሉ አክስቷ።

«አላቃጥለውም አክስቴ። ሌላ ቀን እንደዚህ አላምርም።» ወደኔ ዞረች። «ፊደሉን ቁረጪልኝ። እኔን ተዪኝ።»

ፎቶውን ከፍሬሙ አወጣሁና የታችኛውን ጫፍ በመቀስ ቆረጥኩት። ያቺ አጭር ቃል ከነከተማዋ ስም ወለል ላይ ወደቀች። ፎቶው ከፍሬሙ ስላጠረ ከታች ነጭ ክፍተት ቀረ፤ ሙሽራዋ ግድ አልሰጣትም። ሐጂ በከዘራቸው ተደግፈው ተነሱ። በሩ ላይ ቆም ብለው ባነሩን አንዴ ዞረው አዩና «ድንጋዩ ግን ደህና ጠራቢ አግኝቷል» ብለው ወጡ።

ጋሼ በሩን ገርበብ አደረጉት።

«አዋረድሽኝ።»

«የሆነውን ነው የተናገርኩት።»

«ቁልፉን አስቀምጪው።»

ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩት። ባነሩን አውርዶ መጠቅለል የእኔ ሥራ ነበር። ያን ቀን አላወረድኩትም።

ከዚያ ወሬው ተነሳ። ሐጂ አላወሩትም፣ ሙሽራዋም አላወራችውም። ጋሼ ለሚመጣው ደንበኛ ሁሉ «አንዲት ያልተማረች ልጅ ነበረችኝ፣ እስር ቤት ሰቅላብኝ አባረርኳት» አሉ። ከተማችን ትንሽ ናት። ሳምንት ሳይሞላ እናቴ ገበያ ሰማችው። ማታ እያለቀሰች «እንጀራሽ ነው፣ ሄደሽ እግራቸው ላይ ውደቂ» አለችኝ። አልሄድም አልኳት። እናቴን እምቢ ያልኩት ያኔ የመጀመሪያዬ ነው። አባቴ የእኔን ሻይ ራሱ ቀድቶ ሰጠኝ።

አሁን አንድ ኮፒ ቤት ውስጥ ነኝ። ኮፒ አነሳለሁ፣ ላሚኔት አደርጋለሁ፣ ሲገኝ ጉርድ ፎቶ በስልክ አነሳለሁ። ከበፊቱ ያነሰ ሥራ ነው። እነዚያ ፎቶዎች በፍላሽ አብረውኝ መጥተዋል። ነፃ ናቸው፤ ጋሼም ያገኙት እንደዚያ ነው። ያን ሕንፃ ከአዲስ ጀምሬ መስኮቶቹን መልሼ አጨለምኳቸው፤ ብረቱንም ብረት አደረግኩት። ለማንም አልሸጠውም። እንደነበረ እንዲታይ ብቻ ነው።

የምርቃት ሰሞን ሲደርስ ጋሼ ደወሉ። ከፎቶ ላይ ፀጉር ቆርጦ የሚያወጣ ሰው አጥተዋል።

«ተመለሺ» አሉኝ። «ነገሩ አልፏል።»

«በእኔ ላይ ነው ያለፈው፣ ጋሼ። ፎቶውን እርስዎ እንደመረጡት ለሰው ይናገሩ፤ በማግስቱ እመጣለሁ።»

«ለማን ነው የምናገረው? ከተማውን ሙሉ ልሰብስብ?»

«ለፀጉር ሠሪዋ ብቻ ይንገሯት። ሌላው በራሱ ይዳረሳል።»

የሳቁ መሰለኝ። ከዚያ ግን «አስቢበት» አሉ።

«አስቤበታለሁ። እርስዎ ያስቡበት» አልኩና ስልኩን መጀመሪያ የዘጋሁት እኔ ነኝ።

እስካሁን አልተናገሩም። ዲቪ መሙላታቸውን ቀጥለዋል፤ ሰውም ይመጣል። እኔም ቃሌ ያው ነው። ትናንት አንዲት ሴት መታወቂያ ላሚኔት ልታስደርግ መጥታ አስተውላ አየችኝና «ሙሽራዋን እስር ቤት ያቆምሻት አንቺ ነሽ አይደል?» አለችኝ። ከኋላዋ ወረፋ የያዙ ሰዎች ነበሩ። ማሽኑን አቆምኩና ከመጀመሪያው ጀምሬ ነገርኳት፤ ሁሉም እየሰሙ።